የፖልዲ ሽሜ

«ሽሜ ማለት ሦስት ነገር ነው» አለ ፖልዲ፣ ሠረገላው ላይ ከነጂው ወንበር ሳይነሳ። «ለሴት ሲሆን ለዛ፣ ለጓደኛ ሲሆን ተረብ፣ ለፖሊስ ሲሆን ውሸት።»

ነጂዎቹ አውካኩ። ከዩኒቨርሲቲ የመጣው ዶክተር ኪሊያን ፈጠን ብሎ ጻፈ። የቪየና ሰዎች ቀልዳቸውን የሚጠሩበት ይህ ቃል ከየት እንደመጣ ሲያጠና ሁለት ዓመቱ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ከከተማዋ ካቴድራል ጎን ተሰልፈው ጎብኚ የሚጠብቁትን ባለ ሠረገላዎች ሊጠይቅ መጥቷል።

«አንዳንዶቹ ከጥንቱ ጀርመንኛ ነው ይላሉ፤ ንቀት፣ ስድብ ማለት ነበር። ሌሎቹ ከአይሁዶች ተወሰደ፣ የተሰማ ወሬ ማለት ነው ይላሉ። እርስዎስ?»

«ሁለቱም ልክ ናቸው። እኔ ወሬ ሰምቼ ነው የምሳደበው።»

ሄርሚነ ከኋላ ካለው ሠረገላ ላይ ሆና ሳቀች። ከአባቷ ከፖልዲ ጋር ሃያ ዓመት ብትሠራም አሁንም ያስቃታል። እዚህ ሰልፍ ላይ ተረብ ተወርውሮበት መልስ ያጣ ሰው ቀኑን ሙሉ መሳቂያ ነው፤ ፖልዲ ግን አጥቶ አያውቅም።

ዶክተሩ ደብተሩን ፖልዲ እጅ ላይ አኖረለት። «ይቺን የድሮ ቃል እንዴት ያነቧታል? በትልቁ ጽፌያታለሁ።»

ፖልዲ ደብተሩን ገልብጦ ይዞ ትኩር ብሎ አየው። «የዶክተር ጽሕፈት የሚያነበው ፋርማሲ ነው፤ እዚያ ጥግ አለልህ።»

ሰልፉ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ደብተሩን ሆነ ብሎ የገለበጠው መስሏቸዋል። ሄርሚነ ግን አባቷ ወደ ሳቁ ዞር ሲል ፊቱን አየችና ደነገጠች። መገልበጡን አላወቀም።

ይሄኔ ባልና ሚስት ሕፃን ታቅፈው የፖልዲ ሠረገላ ላይ ወጡ። ሄርሚነ ዘላ ወርዳ አጠገቡ ደረሰች።

«ውረድ፣ አባዬ።»

«ፈረሶቹ መንገዱን ያውቁታል» አለ በሹክሹክታ።

«ሕፃን ይዘዋል እኮ። ያለ ሽሜ ንገረኝ፤ ታያለህ?»

«ፖልዲ፣ መልስላት እንጂ!» አለ ሩዲ፣ የሰልፉ ተራ አስከባሪ። ሁሉም ለመሳቅ ተዘጋጅተው ጠበቁ።

ፖልዲ ድምጿ ወደመጣበት ዞረ። «ከፋሲካ ወዲህ ፊትሽን አይቼው አላውቅም።»

ወሩ መስከረም ነው። ሄርሚነ በየማለዳው አብራው ስትስቅ እንደከረመች አሰበችና በራሷ ተናደደች። ወጥታ ከጎኑ ተቀመጠች። የፈረሶቹን ዛብ ሊያቀብላት እጇን ፈልጎ አጣው፤ እሷው እጁን ያዘችው።