ያልበቀለው ጥድ

የደን ባለሙያው ንጉሡ መካነ ሰላም የደረሰው በስልሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ጥር ወር ላይ ነው። የተሰጠው ሥራ ሲነገር ቀላል ነበር። ከየቤተ ክርስቲያኑ ግቢና ከየገደሉ የተረፈውን የአገር ዛፍ ዘር ይለቅማል፣ ያደርቃል፣ ችግኝ ያፈላል፤ ውሎ አድሮም የአውራጃው ገበሬ ሁሉ ዘሩን ከእሱ ጣቢያ ይወስዳል። ረሃቡ ያለፈበት ተራራ ሁሉ ራቁቱን ቀርቶ ነበር።

ጣቢያው አንድ የቆርቆሮ መጋዘንና ከኋላው ያሉት የችግኝ መደቦች ናቸው። ሠራተኞቹ ሁለት ብቻ ነበሩ። አራጌ የመጋዘኑን ቁልፍ ይይዛል። ስልሳ ዓመት ያለፈው ረጅም ሰው ነው፤ መሬት ላራሹ እስኪታወጅ ድረስ የባላባቱ ምስለኔ ስለነበር ሰው አይወደውም። በለጡ ዘሩን ትፈለፍላለች፣ ታጸዳለች፣ በጆንያ አስራ ለአራጌ ታስረክባለች።

ንጉሡ በመጀመሪያው ሳምንት፣ «ልጅ የለዎትም፣ እትዬ በለጡ?» ብሎ ጠይቋት ነበር።

«ሦስት ነበሩኝ። በክፉው ቀን ሄዱብኝ» አለችው።

በዚያ ዓመት ያልሄደ ሰው አልነበረም፤ ግማሹ ወደ ደሴ፣ ግማሹ ወደ አሰብ። ንጉሡ ሌላ አልጠየቀም።

ሥራውን ለሁለቱም ራሱ አስተማራቸው። የግራር ዘር ቅርፊቱ ደንዳና ነው፤ የፈላ ውሃ ካልፈሰሰበት በቶሎ አይበቅልም። ጥድና ወይራን ግን ሙቅ ውሃ እንዳይነካቸው።

በመጀመሪያው ዓመት ግራሩ በቀለ። ጥድና ወይራ የተዘራበት መደብ እንደተጠረገ ደጅ ባዶውን ከረመ። ንጉሡ ዘሩ አርጅቶ ይሆናል ብሎ እንደገና ወጣ። እስከ ማሻ ድረስ በእግሩ ተጓዘ፣ ቄሶችን ለመነ፣ ገደል ላይ በገመድ ተንጠለጠለ። ጉልበቱ አብጦ ወራት ተኛበት። በሁለተኛውም ዓመት የበቀለው ግራሩ ብቻ ነበር፤ እሱም ለቆላው ገበሬ ታደለ።

የጥድና የወይራው ችግኝ የሚተከለው ከከተማው በላይ ባለው ተረተር ላይ መሆኑ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ይታወቅ ነበር። ድሮ የባላባቱ ግጦሽ ነበር። ንጉሡ ጉድጓድ የሚቆፈርበትን ቦታ በችካል ሲለይ፣ በለጡ አሞኛል ብላ ቀረች። አራጌ መጥቶ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ችካሎቹን ሲያይ ቆየ።

«ሌላ ተረተር ጠፍቶ ነው?» አለ።

«እንደዚህ የተራቆተ የለማ፣ ጋሽ አራጌ።»

«እንግዲህ…» አለና አራጌ ቁልቁል ወረደ።

ይህን የሰማው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አህመድ ነው። በማግስቱ ጣቢያው ድረስ መጣ፤ ከመጋዘኑ አንድ እፍኝ የወይራ ዘር አስወጣና በድንጋይ ሰባበረው። ውስጡ ነጭ መሆን ሲገባው ቢጫ ሆኖ ላሽቋል።

«ይሄማ ተቀቅሏል፣ ጓድ ንጉሡ! ወላሂ፣ እንደ ባቄላ ተቀቅሏል!»

ንጉሡ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። የሁለት ዓመት መንገድ ሁሉ እግሩ ውስጥ ተሰማው።

«ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?» አለ አህመድ። «ሰውየው በየማለዳው ተረተሩ ላይ ብቻውን ሲቀመጥ ይታያል። ጌታው ተመልሶ ግጦሹን የሚረከብ መስሎታል። ደን ከለበሰ እንደማይመለስ ያውቃል።»

አራጌ የማኅበሩ ጉባኤ ፊት ቀረበ። ዘሩን ማን ቀቀለው ተብሎ ተጠየቀ። አንዴ ቀና ብሎ ሴቶቹ ወደተቀመጡበት ተመለከተ። በለጡ መካከላቸው ሆና በነጠላዋ አፏን ሸፍና ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ አራጌ።

«ለምን?» አለው ንጉሡ።

«ተረተሩ እንዳይነካ።»

ንጉሡ እናደዳለሁ ብሎ ነበር። የመጣበት ድካም ብቻ ሆነ።

አራጌን አስረው ወሰዱት። በለጡ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። ንጉሡ፣ «አይዘኑ፣ እትዬ በለጡ፤ የእጁን ነው ያገኘ» ሲላት ፊቷን አዞረችበት። ሆደ ቡቡ ናት ብሎ ተዋት።

በሦስተኛው ዓመት ንጉሡ ማንንም አላመነም። ዘሩን ራሱ አጸዳ፣ ከአልጋው ሥር አስቀመጠ፣ ራሱ ዘራ። በለጡን አርጅታለች፣ ትረፍ ብሎ መደብ ውሃ ከማጠጣት በቀር ሥራ አላዘዛትም። አንድ ማለዳ መደቡ ላይ ቀጭን አረንጓዴ ነገር ብቅ ብሎ አገኘ። ጥዱ በቀለ፤ ወይራውም ተከተለ። እስከ ክረምቱ ሦስት ሺህ ችግኝ ደረሰ። ከወረኢሉ ሳይቀር ዘር የሚጠይቅ ሰው መጣ።

«አላልኩህም?» አለው አህመድ። «ሰውየው ሲነሳ ጥዱ በቀለ።»

ሐምሌ ላይ አርባ ሰው ዶማና አካፋ ይዞ ወደ ተረተሩ ወጣ። በለጡም ወጣች። እዚያ ስትታይ የመጀመሪያዋ ነበር። ከማንም ሳትነጋገር ዳገቱን አቋርጣ ድንጋያማው ጥግ ደረሰች፤ ሦስት ችካል ነቀለችና ዝናብ ያራሰው አፈር ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ የነበረው ቆፋሪ ዶማውን እንዳነሣ ቀረ።

ንጉሡ እያነከሰ መጣ። «እትዬ በለጡ፣ ይነሡ እንጂ፤ ብርድ ይመታዎታል።»

«ዘሩን የቀቀልኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ» አለች በለጡ፣ መዳፏን አፈሩ ላይ ዘርግታ። «አራጌማ በክፉው ቀን ሦስቱንም እዚህ የቀበረልኝ ሰው ነው።»