ከታርጋው ስር የተገኘው ቀለም

«አንቺ ልጅ! ምን ቀብተሽው ነው? ቶርኖው ቆዳው ተገፈፈ እኮ!»

ጋሽ ብየዳ ነው የጮኸው... የወርክሾፑ በያጅ። ትክክለኛ ስሙን እሱም ሳይረሳው አልቀረም።

ልጅቷ የቀለም መርጫውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

የአባቷ ቶርኖ፣ ያ ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጸው አረንጓዴ ማሽን፣ ቀለሙ እንደ ፈላ ወተት ተኮፍሶ ተሸብሽቧል።

«ቶሎ ይድረቅልኝ ብዬ የመኪና ቀለም ረጨሁበት...»

«በዘይት ቀለም ላይ?! ቲነሩ እንደሚበላው ጠፍቶሽ ነው? ከብየዳ ሌላ የማላውቀው እኔ እንኳን አላደርገውም!»

አልጠፋትም። ቸኩላ ነው።

ለምን ቸኮለች መሰላችሁ?

አባቷ ዓይኑን ሞራ ጋርዶት ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት ውሏል። ትናንት ሰኞ ኦፕራሲዮን ሆነ። ሐሙስ ፋሻው ይነሳለታል።

ቅዳሜ ደግሞ... ብረት ገዢ መጥቶ ቶርኖውን ቆራርጦ ሊወስደው ነው።

አባትየው ራሱ ነው የወሰነው። «እሱም አረጀ፣ እኔም አረጀሁ። ለአንቺ ሸክም አይሁንብሽ» አላት።

እሷ ግን ከዚያ ማሽን ሌላ ሥራም ፍቅርም የላትም። «አትሽጠው» ብላ ልትለምነው ብትል ቃል አጠራት።

«ፈጣሪዬ፣ አሳምሬ ባሳየው ልቡን መልስልኝ» ብላ ጸለየችና ሥራ ጀመረች።

ይኸው አሳመረችው...

«በይ ነይ፣ እስከ ብረቱ እንፋቀው» አለ ጋሽ ብየዳ እጅጌውን እየሰበሰበ።

ሲፍቁ ዋሉ። ግን ምን ዓይነት ቀለም ይቀባ?

ጎረቤታቸው ቀለም ሻጯ ቆርቆሮ ታቅፋ መጣች።

«የኔ ቆንጆ፣ ማሽን በግራጫ ነው የሚያምረው። እድፍ ይችላል።»

«ስናውቀው አረንጓዴ ነው፣ አረንጓዴ ይሁን!» አለ ጋሽ ብየዳ።

«አንተ ደግሞ ስለ ቀለም ታወራለህ? መጀመሪያ ሸሚዝህን እየው!»

ልጅቷ ዓይኗ ማሽኑ ላይ ነው። አባቷ ሲያስተምራት የነገራት ትዝ ብሏት ነው...

«አሮጌ ማሽን ስታድሺ ሰው አትጠይቂ። ታርጋውን ፍቺና ከስሩ እዪ። እዚያ ፀሐይም ዘይትም አይደርስም። እውነተኛው ቀለም እዚያ ነው።»

በማሽኑ ግንባር ላይ ያለችውን፣ የፋብሪካው ስም የተቀረጸባትን የናስ ታርጋ አራቱን ብሎን ፈታች። ሦስቱም አንገታቸውን አሰገጉ...

ሮዝ!

ድምቅ ያለ፣ የለየለት ሮዝ!

ጋሽ ብየዳ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። «አሥራ አምስት ዓመት እዚህ ስሠራ... ይሄ ቶርኖ ነው ወይስ ሙሽራ?»

ልጅቷ አልሳቀችም። ሮዝ ብትቀባው አባቷ የተቀለደበት ቢመስለውስ? ተቀይሞ ዛሬውኑ ውሰዱልኝ ቢልስ?

ደግሞ አሰበች... አባዬ «እውነተኛው እዚያ ነው» ብሎኛል።

«ሮዝ ቀይጪልኝ» አለቻት ቀለም ሻጯን።

«ወይ ጉድ! እኔ የለሁበትም!» አለች... እጇ ግን ቀዩን ከነጩ ጋር መበጥበጥ ጀምሯል።

ያንኑ ማታ የዝገት መከላከያ ቀቡት። ረቡዕ ሮዙን ደረቡት... በብሩሽ፣ በዘይት ቀለም፣ ሳይቸኩሉ።

ሐሙስ አባትየው ጥቁር መነጽሩን አድርጎ፣ ልጁን ተደግፎ ገባ። መነጽሩን አወለቀ።

አየው...

ጋሽ ብየዳ ጣራ ጣራውን ማየት ጀመረ።

«አባዬ... ከታርጋው ስር አይቼ ነው...» አለች ልጅቷ።

አባትየው ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለካ እየሳቀ ነው! ሳቁ ደግሞ ወደ እንባ ሄደ።

«ኧረ ተይኝ አንቺ ልጅ! ሐኪሙ እንዳታለቅስ ብሎኛል!»

«ፋብሪካው ነው እንዲህ የቀባው?»

«የምን ፋብሪካ! አንቺ ነሽ የመረጥሽው።»

«እኔ?!»

«ሦስት ዓመትሽ ነበር። እናትሽ ሥራ ስትውል የማስቀምጥሽ ቦታ የለኝም። ይሄ ማሽን ሲነሳ ደግሞ በፍርሃት ትጮሂያለሽ። ‹ምን ብናደርገው አትፈሪውም?› አልኩሽ። ጫማሽን አሳየሽኝ... ሮዝ ነበር።»

በር ላይ ቆማ ስትሰማ የነበረችው ቀለም ሻጭ ቆርቆሮዋን መሬት አስቀመጠች።

«ደንበኛው ሁሉ ‹የውበት ሳሎን ከፈትክ እንዴ?› እያለ ሁለት ዓመት ሳቀብኝ። አንቺ ግን ከሥሩ ቁጭ ብለሽ ትጫወቺ ነበር። አምስት ዓመት ሲሞላሽ አንድ ቀን መጥተሽ ‹አባዬ፣ አሁን አልፈራውም፤ አንተ የምትወደውን ቀባው› አልሽኝ። ሮዙን ፍቄ አንስቼ አረንጓዴ ቀባሁት። ታርጋዋን ፈትቼ ከስሯ ያለውን ለመቀባት ግን... እጄ እምቢ አለኝ።»

እጁን ዘርግቶ ማሽኑን ዳበሰው። ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበርና ጣቱ ሮዝ ሆነ። ያንን ጣቱን የልጁ አፍንጫ ላይ ቀባው።

«ጋሽ ብየዳ! ለብረት ገዢው ደውልለት። ቅዳሜ አይምጣ። ቶርኖው ባለቤት አለው በለው።»

«ሮዝ ነው ብዬ ልንገረው?»

«ንገረው! ይሳቅ!»

ተመስገን ነው ወገኖቼ...

እኔ ብዙ አልተማርኩም፤ ይሄን ግን አውቃለሁ። ወላጆቻችን ለእኛ ሲሉ የተሳቀባቸውን አይነግሩንም። ሌላ ቀለም ደርበውበት ዝም ይላሉ። እነሱ በሕይወት ሳሉ ታርጋውን ፈተን እንይ።

እናንተስ... አባታችሁ ወይም እናታችሁ ለእናንተ ብለው ምን አድርገው ተሳቀባቸው? እስኪ ከታች ጻፉልኝ፣ አብረን እንሳቅ... አብረንም እናመስግን። 🙏