አጥፋው የተባለው ኢሜይል

«የእትዬ በዛወርቅን ኢሜይል አጥፋው... ከሰኞ ጀምሮ እዚህ አይሠሩም።»

ይህን ያለው ኃይለመስቀል ነው... ቦንጋ ያለ የአንድ ማር ላኪ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ።

የታዘዘው ደግሞ አዲሱን የኢሜይል ሰርቨር የሚተክለው ባለሙያ ሬድዋን ነው።

እትዬ በዛወርቅ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ጡረታቸው ሁለት ዓመት ሲቀረው «መደቡ አያስፈልግም» ተባለ። አንጀት አይበላም?

ሬድዋን ግን ሥራውን ቀጠለ።

«ሰርቨሩን ማን እንበለው?»

«ኃይለመስቀል በለዋ!» (ሥልጣን መቼም... 😄)

«ማሽን እኮ አንድ ቀን ይበላሻል። ‹ኃይለመስቀል ተበላሸ› ሲባል ደስ ይልዎታል?»

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ።

ሬድዋን ቀጠለ፦ «ለማሽኑ አንድ ተራ ስም ይበቃዋል። ሰው የሚጽፍባቸው አድራሻዎች ግን እንደ ቤት ስም ናቸው... ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ፣ አቤት የሚለው ግን አንድ ሰው ነው።»

ከዚያ የድሮውን ሰርቨር ከፍቶ አድራሻዎቹን አሳየው።

መረጃ... ሽያጭ... ቅሬታ... ቅጥር...

«ለእነዚህ ማነው የሚመልሰው?» አለ ኃይለመስቀል።

«አራቱም የሚገቡት አንድ ሰው ጋ ነው... አጥፋው ያሉኝ እትዬ በዛወርቅ ጋ።»

ኃይለመስቀል «ቅጥር» የሚለውን አድራሻ ደግሞ አነበበው።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት... ዋጫ ከተማ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ሳለ ለዚሁ ድርጅት ማመልከቻ ልኮ ነበር። በማግስቱ «ቅጥር» ከሚለው አድራሻ መልስ መጣለት።

«ልጄ፣ ዲግሪህን ማያያዝ ረስተሃል። ምዝገባው ነገ ያበቃል፣ ቶሎ ላክ።»

ላከ... ተቀጠረ... እዚህ ደረሰ። መልሱ ስም ስላልነበረው የጻፈለትን ሰው ቢያፈላልግ አጣው። ለቆ ሄዷል ብሎ ተወው።

አሁን እየሮጠ መዝገብ ቤት ገባ።

«እትዬ... ያጎረሰኝን እጅ ልነክስ ነበር! ዲግሪህን ረስተሃል ብለው የጻፉልኝ እርስዎ ነዎት?»

እትዬ በዛወርቅ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት።

«ውይ... ስንቱ ነው የሚረሳው! አንተ የትኛው ነበርክ ልጄ?»

አላስታወሱትም 😢 ለሁሉም ነበር እንዲያ የሚጽፉት!

የስንብት ደብዳቤው እዚያው ተቀደደ። እሳቸውም በቦታቸው ቀጠሉ።

እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ... ያ መልስ ለሱ ባይደርሰው ኖሮስ? ዛሬ እትዬ በዛወርቅ ተሰናብተው ቤታቸው ነበሩ!

ወዳጆቼ፣ ሰው ለእኛ ውለታ ዋለም አልዋለም፣ «አያስፈልግም» ከማለታችን በፊት ምን እንደሚሠራ እንጠይቅ።

እናንተ መሥሪያ ቤት ስሙ ሳይነሳ የሁሉንም ሥራ የሚሸከመው ማነው? እስቲ ዛሬ እንኳ ስሙን ኮሜንት ላይ ጻፉለት 👇