የአሥራ አምስት ዓመት ግብር

ባሏ ከሞተ ጀምሮ የቤቱን ግብር የሚከፍሉት፣ በጓሮው ሰርቪስ ክፍል የሚኖሩት የባሏ ታላቅ ወንድም ጋሽ መንበሩ ናቸው። «አንቺን ደግሞ ምን ሰልፍ ያቆምሻል?» ይሏታል በየዓመቱ። ደረሰኙን ግን አሳይተዋት አያውቁም።

ጠበቃ የሆነችው ጎረቤቷ ይህን ስትሰማ ሳቀች። «ዘመድ ነው ብለሽ ተኝተሻላ! ይርጋ የሚባል ነገር አለ እኮ። የሌላ ሰው ቤት ይዞ የኖረ፣ ግብሩንም አሥራ አምስት ዓመት በስሙ የከፈለ፣ ቤቱ በሕግ የራሱ ይሆናል።»

ቆጠረች። ባሏ ከሞተ ዘንድሮ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጋሽ መንበሩ «እንደምን አደርሽ» ሲሏት አንገቷን ብቻ ነቅነቅ አድርጋ ታልፋለች። ሰኞ ጠዋት ሳትነግራቸው ወደ መሬት አስተዳደር ሄደች።

«የባሌ ወንድም ቤቴን በስማቸው ሊያዞሩት ነው» አለችው ፋይሉን ላወጣው ሠራተኛ።

ሠራተኛው ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ገለጠ። «ሁሉም የተከፈለው በእርስዎ ስም ነው፣ እትዬ።»

«ታዲያ ለምን ይደብቁኛል?»

ሠራተኛው ካርታውን ወደ እሷ አዞረው። በባለቤትነት የተመዘገበው ባሏ አልነበረም፤ ጋሽ መንበሩ ነበሩ።

«ባለፈው ሳምንት እሳቸው የመጨረሻውን ሲከፍሉ፣ ‹አሁንስ በሕግ የእሷ ሆነ?› ብለው ጠይቀውኛል» አላት።