ከግራ ጎማ በኩል

«ብረቱን ወደ ላይ ፈንቅለው እንጂ! እንደ ሙሽራ አትሽኮርመም» አሉ አሮጌው ሾፌር፣ ጀርባቸውን ሲሚንቶው ላይ ዘርግተው፣ አንገታቸውን ወደ ግራ የፊት ጎማ አስግገው።

የልጃቸው ባል ረጅሙን ብረት ከጎማው ስር አስገብቶ ፈነቀለ። ቋ አለ። ደገመው። ቋ።

እሳቸው ከሥራ ጡረታ ወጥተዋል፤ ጆሯቸው ግን አልወጣም። ከሰዓት የእነ ልጃቸው መኪና የግቢውን በር አልፋ ስትገባ ይህንኑ ድምፅ ሰምተው የያዙትን ጋዜጣ አጥፈው ነበር። ባለፈው ሳምንት በስልክ «ቦል ጆይንቱን ቀይሬዋለሁ፣ አባባ፤ ሐሳብ አይግባዎት» ያላቸው ይኸው ሰው ነው። ነገ ጠዋት ደግሞ ነፍሰ ጡር ልጃቸውን አሳፍሮ የገደሉን ቁልቁለት ሊወርድ ነው። ቦል ጆይንት ጎማን ከመኪና ክንድ ጋር የሚያያይዝ ጉልበት ማለት ነው። ሰው ጉልበቱ ቢከዳው ይወድቃል፣ ይነሣል። ቁልቁለት ላይ የወደቀ መኪና ማን ያነሣዋል?

«ሰማህ?»

«የመንገዱ ነገር ይሆናል፣ አባባ።»

«የቱ መንገድ? በክሪክ ተነሥታ አየር ላይ ናት እኮ!»

አማቻቸው ብረቱን ከጎማው ስር መዝዞ አወጣ። ከሠርጉ ወዲህ ስንት ክረምት አልፎ እሳቸው ዛሬም «ሙሽራው» ነው የሚሉት። ስሙን መጥራት ማመን ይመስላቸዋል።

ከመኪናዋ ሆድ ስር ያስገቡትን ጉማጅ እንጨት ዳግመኛ ነካ ነካ አድርገው አዩት፤ ክሪክም አያምኑም። ከዚያ ጎማውን አውልቀው ባትሪ አበሩ። የቦል ጆይንቱ የላስቲክ ቆብ ተቀዷል። ማለስለሻ ግራሶው ከአቧራ ጋር ተጋብቶ ጭቃ ሆኗል። ማሰሪያ ዳዶው ዝጎ ከብረቱ ጋር አንድ አካል መስሏል፤ መፍቻ ቁልፍ ከነካው ዘመን አልፏል።

ወዲያው አልተናገሩም። ዋሾን ዝም ካሉት ራሱ ይለፈልፋል፤ ይህን ከአጭበርባሪ ረዳቶች ጋር ሲሠሩ ነው የተማሩት። ጠበቁ። ሰውየው አልለፈለፈም። አውራ ጣቱን ብቻ መዳፉ ውስጥ ደበቀ።

ያ ጥፍር! ሲገባ ጀምሮ አይተውታል፤ እንደ ከሰል ጠቁሯል። «ምን ነካህ?» ቢሉት «በር ነው» ብሏል። አውራ ጣትን ብቻ ለይቶ የሚመታ በር አይተው አያውቁም። ያኔ ሳያስቡት ዓይናቸው ወደ ልጃቸው ፊት ነበር የሄደው። ፊቷ ደህና ነው። ግን እሷም ጓዳ ገብታ ለእናቷ «ቀይሬዋለሁ ይለኛል እንጂ አሁንም ቋ ቋ ይላል» ስትል ሰምተዋታል።

«ማን ነው የቀየረልህ?»

«ራሴ ነኝ።»

«ራስህ? አምፖል ሲቃጠል ጎረቤት የምትጠራው?»

«ስልክ ላይ እያየሁ ተማርኩ።»

«እንግዲያው ስልኩ ላይ ነው የቀየርከው። እዚህ የለም።»

ከአግዳሚው ስር ሁለት ካርቶን ጎተቱ። በውስጣቸው ለግራና ለቀኝ ሁለት አዲስ ቦል ጆይንት አለ፤ «ቀይሬዋለሁ» ባላቸው ማግስት የገዟቸው ናቸው። አማቻቸው ካርቶኖቹን አየ፤ ገባው፤ አንገቱን ደፋ።

ሾፌሩ ዝገቱ ላይ ዘይት አፈሰሱ፣ ዳዶውን ታግለው ፈቱ፣ ብረቱን ከጎኑ በመዶሻ ቢሉት አሮጌው ተላቀቀ። ኳሱ ሊወልቅ እንደ ደረሰ ጥርስ ይወዛወዛል። አዲሱን ገጥመው እስኪያጠብቁ «ነገ ልጄ የትም አትሄድም» የሚለው ቃል ከንፈራቸው ላይ ደርሶ ነበር። ግን የቀኙን ሳያዩ መፍረድ ከበዳቸው። ከፈራጅ በላይ ፈራጅ አለ።

ወደ ቀኝ ዞሩ። ጎማውን አወለቁ። ባትሪውን አበሩ።

ግራሶ ብቻ ነው የሚታየው፤ ጣሳ የተደፋበት ይመስላል። በጨርቅ ቢጠርጉት ከስሩ አዲስ ብረት ብልጭ አለ። የላስቲክ ቆቡ እንዳለ ነው። ዳዶው እንዳይፈታ የሚቆልፈው ኮፒሊያ ግን የጉድ ነው፤ እግሮቹ ተጠማዘው ተጠማዘው፣ አልበቃ ብሎ በላዩ ሽቦ ታስሮበታል፣ ሽቦውም ተቋጥሯል። የእጅ ባለሙያ እንዲህ አያስርም። እንዲህ የሚያስር የፈራ ሰው ነው። ዙሪያውን መዶሻ ስቶ ያረፈበት ጠባሳ ሞልቷል። ሾፌሩ ጠባሳዎቹን አዩ፤ ከዚያ የአማቻቸውን አውራ ጣት አዩ።

«ቀኑን ሙሉ ፈጀብኝ» አለ ሰውየው። «ከዚያ በኋላ እጄ መዶሻ አልይዝ አለ። ግራውን ድኜ እቀይረዋለሁ ብዬ... አንዱ ብቻ እንደተቀየረ ብትሰማ ደግሞ ትጨነቃለች።»

«ሁለቱም ነበር የሚንኳኳው?»

«ሁለቱም።»

«ታዲያ ለምን ከግራ አልጀመርክም? ሾፌር ከተቀመጠበት ወገን ነው የሚጀምር።»

«እንዲሁ ነው» አለ። ዓይኑ ግን በመስኮቱ አልፎ ጋቢና ገባ።

ሾፌሩም ተከትለው አዩ። በቀኙ ወንበር ላይ፣ ልጃቸው ሆዷ ከገፋ ወዲህ ወገቧን የምታስደግፍበት ትራስ ተቀምጧል።

ብረቱን ራሳቸው ተቀብለው አማቻቸው የገጠመውን የቀኙን ቦል ጆይንት ከስር ፈነቀሉት። ድምፅ የለም። ጆሯቸውን አስጠግተው ደገሙት። ምንም።

«አባዬ!» አለች ልጃቸው ከበረንዳው፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «እውነት ቀይሮት ነበር?»

«ቀይሮታል» አሉ፣ የባሏን ስም ጠርተው፤ ያልተከፈተውንም ካርቶን በተረከዛቸው ገፋ አድርገው ወደ መኪናው ስር፣ ወደ ጨለማው አስገቡት።