የድርሰት ነገር ከጫፉ

ጋሽ ካርታ ማንኛውንም መጽሐፍ የሚያነበው ከመጨረሻው ገጽ ጀምሮ ነው። ጋዜጣም እንደዚያው። ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ እንኳ «መጨረሻዬን ንገረኝ፤ ሕመሙን በኋላ እናወራዋለን» ይላል። ልብወለድ አጻጻፍ ባስተማረበት ሃያ ስድስት ዓመት ሁሉ የመጀመሪያ ቀን ትምህርቱ አልተለወጠም፦ «ሌላው ነገር ከሥሩ ነው፣ ውኃም ከጥሩ። የድርሰት ነገር ግን ከጫፉ። መጨረሻውን ያላወቀ ብዕር አያንሳ።»

ቅጽል ስሙን ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው። የቤቱ ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ በአራት ቀለም ካርዶች ተሸፍኗል፤ የአንድ ልብወለድ ንድፍ ነው። ንድፉ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል። ልብወለዱ ገና አልተጀመረም።

ትምህርት ቤት ከጎኑ ባለው ክፍል የምታስተምረው ደራሲ ደግሞ «እንደመጣላት» ትባላለች። ሰባት መጻሕፍት አሳትማለች፤ እንደ ራሷ አባባል፣ አንዱንም አስባ አልጀመረችም። ድሮ የእሱ ተማሪ ነበረች። ያለ ንድፍ ድርሰት አቅርባ ፈተና ላይ ጥሏታል። «ንድፍ ካልያዝሽ የትም አትደርሺም» ብሏት ነበር። «እሺ ጋሼ» ብላ ወጣች።

ዘንድሮ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ሁለቱንም ጠራቻቸውና ለሚመጣው ዓመት የምታስቀረው አንድ መምህር ብቻ መሆኑን ነገረቻቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ፣ በተማሪዎችና በእንግዶች ፊት ይከራከሩ፤ ከዚያ ትወስናለች። ጋሽ ካርታ ፈራ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ፣ ጠዋት ተነስቶ የሚሄድበት ቦታ ቢኖር ያ ክፍል ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ከድሮም ይጠረጥር ነበር። ያለ ንድፍ ሰባት መጽሐፍ አይጻፍም። ሴትየዋ ንድፍ አላት፤ ትደብቀዋለች። ያንን በሰው ፊት ማሳየት ቢችል ነገሩ አለቀ።

ዓርብ ደወለችለት።

«ጋሼ፣ ጉልበትዎን ያምዎት የለ? ለምን በእኔ መኪና አብረን አንሄድም? ነገ ስምንት ሰዓት ላይ ቤቴ ይምጡ።»

«እመጣለሁ።»

«ስምንት ሰዓት» አለች ደግማ።

ሰባት ደቂቃ ቀድሞ ደረሰ። የትም ሲሄድ ሰባት ደቂቃ ቀድሞ ነው የሚደርሰው። ቁልፎቿን በእጇ እያንቃጨለች በሩን ከፈተችለት። የሥራ ክፍሏ እንደጠረጠረው ዝብርቅርቁ የወጣ ነው። ወንበሩ ሁሉ መጽሐፍ ተከምሮበታል፤ ባዶ የሆነው ከጠረጴዛው አጠገብ ያለው አንዱ ብቻ ነው። እዚያ ተቀመጠ።

«ኮትዎን አያውልቁ፣ አዳራሹ ይቀዘቅዛል» አለችው። «የመኪናዬን ቁልፍ ፈልጌ ልምጣ። የት እንደጣልኩት እንጃ።»

«ቁልፍም እንደመጣልሽ ነው የምትጥዪው?»

ሳቀችና ወጣች።

የጠረጴዛው መሳቢያ ክርኑ ሥር ነበር። ቁልፉ እላዩ ላይ ተሰክቷል። ጋሽ ካርታ በስልሳ ሦስት ዓመት ዕድሜው የሰው መሳቢያ ነክቶ አያውቅም፤ ዛሬም አስቦበት አልመጣም። እጁ ቀደመው። ውስጡ አንዲት ትንሽ ደብተር ብቻ አለች። ሽፋኗ ላይ በጉልህ «ንድፍ» ተብሎ ተጽፏል። ገለጥ ሲያደርጋት በቁጥር የተደረደረ ደቃቅ ጽሑፍ አየ። አንድ መስመር እንኳ ሳያነብ ኮሪደሩ ላይ ኮቴ ተሰማ። ደብተሯን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተታት። ለኪሱ ተለክታ የተሠራች ይመስል ልክክ አለች።

መንገዱን ሙሉ ስለ ጎረቤቷ ውሻና ስለሚያንጠባጥበው ቧንቧዋ አወራችው። አንድ ቃል አልሰማም። እጁን ከኪሱ አላወጣም። ያፍራልም፣ ደስም ብሎታል፤ ልቡ እንደዚህ የመታበትን ቀን አያስታውስም።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል።

«እኔ ልጀምርና መጨረሻው ለጋሼ ይሁን» አለች እንደመጣላት። «መጨረሻ ይወዳሉ።» ተማሪዎቹ ሳቁ።

ንግግሯ አጭር ነበር። «እኔ ልብወለድ ስጽፍ ንድፍ ኖሮኝ አያውቅም። ሰውየውን ጠንቅቄ ካወቅኩት ይበቃኛል። በር ከፍቼለት ዞር እላለሁ፤ የቀረውን ራሱ ይሠራዋል።»

ጭብጨባው አላባራ አለ። ኃላፊዋ ከፊተኛው ወንበር ላይ ማስታወሻዋን አውጥታ አንድ ነገር ጻፈች።

ጋሽ ካርታ ተነሳ። በአራት ቀለም ያሰመረበትን አራት ገጽ ንግግሩን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ነበር።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል» አለ። «ይቺ ልጅ ተምራለች፤ ያስተማርኳትም እኔ ነኝ። በትምህርቴ ቤቷን ትሠራበታለች፣ እናንተን ግን ታሞኛለች።» ደብተሯን አውጥቶ ከፍ አደረጋት። «ይኸው ንድፏ! በገዛ እጇ የጻፈችው! ዛሬ ከመሳቢያዋ ያወጣሁት!»

ኃላፊዋ ብዕሯን አስቀመጠች። እንደመጣላት አንገቷን ደፍታ ቁልፎቿን በጣቷ ላይ ታሽከረክር ጀመር።

«ያንብቡልን!» አለ አንዱ ከኋላ።

«አነብላችኋለሁ እንጂ!» አለ ጋሽ ካርታ። መነጽሩን አደረገ፣ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠ፣ ጉሮሮውን ጠረገና ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፦

«አሥራ ሁለት። ጋሼ ደብተሯን ከኮታቸው ኪስ ያወጡና ከመጨረሻው ገጽ ጀምረው ለሰዉ ያነቡለታል።»