የአቶ ዜለር ካናቴራ

በዚያ ዓመት በጀርመኗ ከተማ ሮይትሊንገን ውስጥ ሰው ከሰው ሲገናኝ «እንዴት አደሩ» ከማለቱ በፊት «ስንት በመቶ ቀረ?» ይል ነበር። የሚጠያየቁት ከመሬት በታች ስለተጠራቀመው የአገሩ ጋዝ ነው። ክምችቱ እስከ መጋቢት ይድረስ አይድረስ ራዲዮኑም በእርግጠኝነት አይናገርም፤ ቁጥሩ ብቻ በየጧቱ ትንሽ ትንሽ ይሸረፋል።

ወይዘሮ ኪንክል ነገሩን የግል ጉዳያቸው አደረጉት። ልጅ ሳሉ፣ ከጦርነቱ በኋላ በመጣው ብርድ፣ እናታቸው የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ፈልጠው ሲያነዱ አይተዋል። ያን ቀን ደግመው ማየት አይፈልጉም። ስለዚህ ገና ኅዳር ላይ የሳሎናቸውን የግድግዳ ማሞቂያዎች አንድ በአንድ ጥርቅም አድርገው ዘጉ፤ ሁለት ሹራብ ደርበው፣ የሟች ባላቸውን ኮፍያ ደፍተው መኖር ጀመሩ። በቀን ሦስት ጊዜ መስኮት ወለል አድርጎ ቤት ማናፈሱን ግን አልተዉም። ያልተናፈሰ ቤት ግድግዳው ይሻግታል፤ ይህን የማያውቅ በዚያ አገር ሰው አይባልም።

ሕንፃው ሦስት ቤት ነው። ምድር ላይ፣ ድሮ የሕንፃው ዘበኛ ይኖርበት በነበረው ቤት፣ ወይዘሮ ኪንክል አሉ። መሀል ላይ ጧት ወጥተው ማታ የሚገቡ ባልና ሚስት አስተማሪዎች ይኖራሉ። ላይ ደግሞ አቶ ዜለር ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ከዚያ ቤት ያልተነቃነቁ። ቤዝመንት ያለው አንድ የጋዝ ማሞቂያ ለሦስቱም ቤት ውኃ እያፈላ በቱቦ ይልካል። የጋዝ ቆጣሪውም አንድ ነው።

ደረጃ የሚጠረገው በተራ ነው። የተረኛው በር ላይ የእንጨት ሰሌዳ ይንጠለጠላል፤ ሳምንቱ ሲያልቅ ሰሌዳው ወደሚቀጥለው በር ይሻገራል። ቆጣሪ የሚያነበውም ተረኛው ነው። ታኅሣሥ ላይ ሰሌዳው እሳቸው በር ላይ ሲደርስ ወይዘሮ ኪንክል ደረታቸውን ነፍተው ወደ ቤዝመንት ወረዱ። ቆጣሪው ካምናው በልጦ ጠበቃቸው። መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና አነበቡ። በልጧል!

አስተማሪዎቹን ጠየቁ። እኛ ከዘጋን ሰነበትን፣ ቱቦው ግን እንደ ምድጃ ይፋጃል፣ የምንተኛው መስኮት ከፍተን ነው አሏቸው። እንግዲህ ማን ቀረ?

መጥረጊያቸውን ይዘው ወጡና የአቶ ዜለርን በር አንኳኩ። አቶ ዜለር በሩን የከፈቱት በካናቴራ ነበር። በዚያ ብርድ በካናቴራ! ከኋላቸው መስኮቱ ሥር የቲማቲም ችግኝ ተደርድሮ አረንጓዴ ለብሷል።

«አቶ ዜለር፣ አገር በብርድ ሊያልቅ ነው፤ እርስዎ ቲማቲም ያፈላሉ።»

«ካናቴራውንም የለበስኩት እኮ እርስዎን አክብሬ ነው» አሉ አቶ ዜለር ላባቸውን እየጠረጉ። የማሞቂያው መዝጊያ ዝጎ አልዞር እንዳለ፣ ለቤቱ ባለቤት በመስከረም ነግረው እስካሁን ሰሚ እንዳጡም አስረዱ። ወይዘሮ ኪንክል ግን እንዲህ ያለውን ሰበብ ከየት እንደሚያመጡት ያውቃሉ። ትኬት አልባ ተሳፋሪ ስንት ሰበብ ሲደረድር ሰምተዋል እኮ ሰውዬው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሑድ እሑድ አብረው የሚበሉት ምስር ቀረ። አሥራ ሁለት ዓመት አብረው የበሉት ነው፤ ወይዘሮ ኪንክል ለብቻቸው ሲበሉት ጨው የሌለው መሰላቸው።

ግን እጅ አልሰጡም። እሳቸው ያባከኑትን እኔ እቆጥባለሁ ብለው የኩሽናውንም የመኝታውንም ዘጉ፤ ማናፈሱን በቀን አምስት ጊዜ አደረጉት። ደብተር አዘጋጁ። እርሳሱን ሳሎን ግድግዳ ላይ ካለችው ነጭ ሳጥን በክር አንጠለጠሉት። የሳሙና ያህል ናት፤ ዘበኛው ትቷት የሄደ የድሮ ደወል መሆኗን ገምተው ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራዋን ይወለውሉላታል። በደብተሩ በግራ በኩል የሳሎናቸውን ቅዝቃዜ፣ በቀኝ በኩል ቆጣሪውን ጻፉ። ሳሎኑ አሥራ አራት ዲግሪ ሲሆን ቆጣሪው ጨመረ። አሥራ ሁለት ሲሆን ባሰበት። አሥር ሲሆን ጭራሽ አበደ።

«በእልህ ነው!» አሉ ወይዘሮ ኪንክል። «እኔ በቆጠብኩ ቁጥር ይጨምርልኛል።»

ደብተሩን አያይዘው ለቤቱ ባለቤት ጻፉ። መልሱ በሳምንቱ ለሦስቱም ቤት መጣ፦ ሐሙስ የማሞቂያ ባለሙያ ይመጣል፤ ጋዝ የሚያባክነው ተከራይ ከተገኘ መጋቢት ሳይጠባ ቤቱን ይለቃል። ወይዘሮ ኪንክል ወረቀቱን ይዘው ቁጭ አሉ። አቶ ዜለር በዚያ ጉልበት የት ይገባሉ? ደግሞ የእናታቸው ወንበር ትዝ አላቸውና ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ሐሙስ ዕለት አቶ ዜለር በካናቴራቸው ደረጃው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። እቅፋቸው ውስጥ አንድ የቲማቲም ችግኝ አለ።

«ከለቀቅኩ ይቺን ያጠጡልኛል፣ ወይዘሮ ኪንክል?»

ወይዘሮ ኪንክል ኮፍያቸውን ወደ ዓይናቸው ሳብ አደረጉ።

ባለሙያዋ ከቤዝመንት እጇን እየጠረገች ወጣች። ወደ ላይ ትወጣለች ብለው መንገድ ቢለቁላትም አልወጣችም። ድሮ ዘበኛው የነበረበት ቤት የቱ እንደሆነ ጠየቀች። ወይዘሮ ኪንክል በራቸውን ከፈቱላት። ባለሙያዋ ስትገባ እስትንፋሷ ጭስ ሆነ። የተዘጋውን የግድግዳ ማሞቂያ አየች፤ ወለል ብሎ የተከፈተውን መስኮት አየች፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ነጯ ሳጥን ሄዳ እርሳሱን ፈታችው። አቶ ዜለር ችግኛቸውን እንዳቀፉ ከበሩ ላይ አንገታቸውን አስገቡ።

«ወይዘሮ ኪንክል» አለች ባለሙያዋ፣ «ማሞቂያው ሕንፃው መሞቅ አለመሞቁን የሚያውቀው በዚች ሳጥን ብቻ ነው፤ እዚህ ክፍል ሃያ ዲግሪ እስኪገባ ድረስ አይጠፋም።»